አጥንቱ ተመልሷል፤ ልጁስ?

«መቼ ነው የሚመለሰው?» ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው ድሬ ጠያራ ውስጥ የለም ብል ብዙ ማጋነን አይሆንብኝም። ባለ ሱቁ ይጠይቀኛል። ወደ ሐረር የሚያደርሰኝ የባጃጅ ሹፌር ይጠይቀኛል። አብረን ቡና የምንጠጣ ጎረቤቶቼማ በየቀኑ ይጠይቁኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ልጄ ነው። ልጄ 21 ዓመቱ ነው፤ በሌላ ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ይማራል፣ ለዩኒቨርሲቲውም ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። የቀኝ ትከሻው በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወልቋል።

አካባቢያችንን ለማያውቁ አንባቢያን ልንገራችሁ፤ ድሬ ጠያራ እንደ ሶፊና ኤረር ሁሉ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው። «ጠያራ» ደግሞ የድሮ ሰዎች አውሮፕላንን የሚጠሩበት ስም ነው። ልጄ ቁመቱ መዘዝ ሲል፣ ለኳስ ሲዘል ያዩት ጎረቤቶች «የጠያራ ሜዳ ልጅ አይደል? ይበራላ!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን ቀልዱ ቀርቶ ጥያቄው ብቻ ቀርቷል።

በአማርኛችን የወለቀ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ «ተመለሰ» እንላለን። የተጎዳ ተጫዋች እንደገና ሜዳ ሲገባም «ተመለሰ» እንላለን። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስለናል። በሁለቱ መመለሶች መካከል ግን ብዙ ወራት አሉ። ኳስ የሚጫወት፣ የሚታገል፣ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስለነዚያ ወራት ብታውቁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሦስቱ ጊዜያት

የመጀመሪያው የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ትምህርት ቤት ሲጫወት በተዘረጋ እጁ ላይ ወደቀ። ጓደኞቹ ቀኝ እጁን በግራው አሳቅፈው በባጃጅ አመጡት። ትከሻው ክብነቱ ጠፍቶ እንደ ሳጥን ጠርዝ ሆኖ ነበር። እናቴ፣ ማለትም አያቱ፣ ወዲያው ወጌሻ አስጠራች። ሰውየው በአካባቢው የታወቁ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ናቸው። ያዙት፣ ቀስ ብለው ሳቡት፣ ጠምዘዝ አደረጉት፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የልጁም ፊት በዚያው ቅጽበት ተፈታ። እናቴ እልል አለች። በነጠላ አንጠልጥሎ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ኳሱን ይዞ ወጣ።

ሁለተኛው በ19 ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ልምምድ ላይ ነው። ኳስ ለማገድ እጁን ሽቅብ እንደዘረጋ የሌላ ልጅ ክንድ መታው። በዚያ ጊዜ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ራጅ ተነሳ፣ ትከሻው ተመለሰለት፣ የፊዚዮቴራፒ ክትትልም ታዘዘለት። ሁለት ሳምንት ተመላልሶ ፈተና ደረሰበትና ተወው።

ሦስተኛው ባለፈው ግንቦት ነው። ማታ ደወለልኝ። «እማ፣ ትከሻዬ እንደገና ወጣ» አለኝ። «ወደቅህ?» አልኩት። «አልወደቅኩም። ሪባውንድ ልይዝ ስዘል አንዱ እጄን ወደ ኋላ ሳብ አደረገው፤ በቃ ወጣ።» ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ለማውለቅ ከቁመቱ ሙሉ መውደቅ አስፈልጎ ነበር። በሦስተኛው አንድ መሳብ በቃው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሸሚዝ ሲለብስ እንኳ ትከሻው ሸርተት ሊል እንደሚል ነገረኝ።

የአገሬ ሰው ይህን «ትከሻው ለመደበት» ይለዋል። አባባሉ ትክክል ነው። ግን ትከሻ ለምን ይለምዳል?

ሎሚ በስኒ ማስቀመጫ ላይ

ያየው የአጥንት ሐኪም በስዕል አስረዳን። እኔ ደግሞ ለጎረቤቶቼ በቡና ሰዓት በሎሚ አስረዳኋቸው።

የዳሌ መገጣጠሚያ ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ዘነዘና ነው። ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ በቀላሉ አይወጣም። ትከሻ ግን የስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ሎሚ ነው። የክንድ አጥንት ጫፍ ትልቅና ክብ ነው፤ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ትንሽና ጠፍጠፍ ያለ ነው። እጃችንን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንደልባችን የምናዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ቶሎ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሎሚው ዘወትር የማይንከባለለው ሦስት ነገር ስለሚይዘው ነው። አንደኛው በማስቀመጫው ዙሪያ እንደ ከንፈር ከፍ ያለ ጠንካራ ቀለበት ነው። ሁለተኛው ጅማቶችና መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ናቸው። ሦስተኛው በትከሻና በሰፌድ አጥንት ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ትከሻ ወደ ፊት ሲወልቅ፣ አብዛኛው ውልቃትም ወደ ፊት ነው፣ ያ ቀለበት ብዙውን ጊዜ ከፊት በኩል ይላቀቃል፤ ከረጢቱም ይለጠጣል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አርተር ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 ስለዚህ መላቀቅ ጽፏል፤ ጉዳቱ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወጌሻም ይሁን ሐኪም አጥንቱን ሲመልስ ሎሚውን ወደ ማስቀመጫው መለሰው። የተላቀቀው ቀለበት ግን በዚያ ቅጽበት አልተጠገነም። ቀለበቱ በቦታው ካልጠገገ በሚቀጥለው ጊዜ ለመውጣት ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል። በወለቀ ቁጥር ደግሞ የማስቀመጫው ጠርዝ ራሱ ሊሸራረፍ፣ ክቡ አጥንትም ሊሰረጉድ ይችላል። «ለመደበት» የምንለው ይህንን ነው።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚታወቀው ስለ መገጣጠሚያዎች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ፣ ተረከዝን ብብት ውስጥ አስገብቶ እጅን በመሳብ ትከሻ እንዴት እንደሚመለስ ተጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ትከሻቸው እየደጋገመ ስለሚወልቅባቸውና በዚህ ምክንያት ከስፖርት ውድድር ስለቀሩ ሰዎችም ተነግሯል። ከ2,300 ዓመት በፊት እንኳ አጥንት መመለስና ትከሻ መዳን የተለያዩ መሆናቸው ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ዕድሜም ነገሩን ይወስነዋል። ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀው ከ20 ዓመት በታች ሆኖ ከሆነ፣ በተለይ ግጭት ያለበት ስፖርት ለሚጫወት ወንድ ልጅ፣ ተመልሶ የመውለቁ ዕድል ከፍተኛ ነው። ሰው በዕድሜ ሲገፋ ይህ ዕድል ይቀንሳል። ልጄ በ17 ዓመቱ ስለጀመረው ከሚያሰጉት መካከል ነበር።

ሦስት ተጫዋቾች፣ ሦስት መንገዶች

ክረምቱን ቤት መጥቶ ሲቀመጥ ልጄ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያየው የኤን ቢ ኤ ተጫዋቾችን ነበር። «አቦ እማ፣ ነይ እስቲ እይው፤ ይሄም እንደኔ ወልቆበት ተመልሷል» ይለኛል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ጠየቅኩት፣ አነበብኩ። ሦስቱ ተጫዋቾች ሦስት የተለያዩ መንገዶች ሆነው ታዩኝ። ሦስቱም ወደ ትልቁ ሊግ የገቡት እንደ ልጄ በዩኒቨርሲቲ ቡድን ተጫውተው ነው።

የመጀመሪያው ድዌይን ዌድ ነው፤ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2007 ሂዩስተን ላይ ሲጫወት ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ግራ ትከሻው ወለቀ። በተሽከርካሪ ወንበር ነው ከሜዳ የወጣው። ቡድኑ ማያሚ ሂት የቀደመውን ዓመት ዋንጫ የወሰደ ነበርና ወቅቱ እንዳያመልጠው ቀዶ ሕክምናውን አቆይቶ በማገገሚያ ልምምድ ለመመለስ ወሰነ። በሚያዝያ ወር ተመለሰም። ቡድኑ ግን በመጀመሪያው ዙር በቺካጎ ቡልስ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ዌድ ወቅቱ እንዳለቀ በግንቦት ትከሻውንም ጉልበቱንም ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ የቀጣዩን ወቅት የመጀመሪያ ጨዋታዎችም አልተጫወተም። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በ2008/09 ወቅት ደግሞ በጨዋታ በአማካይ 30.2 ነጥብ በማስቆጠር የሊጉ ቀዳሚ ሆነ።

ሁለተኛው ከዩሲኤልኤ የወጣው ኬቪን ላቭ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2015 ቦስተን ላይ ለኳስ ሲታገሉ የቦስተኑ ኬሊ ኦሊኒክ እጁን ቆልፎ ሳበው፤ ግራ ትከሻው ወለቀ። ወዲያው በዚያው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቡድኑ ክሊቭላንድ ለፍጻሜ ደርሶ ሲሸነፍ እሱ ተቀምጦ አየ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2015 በአዲሱ ወቅት መክፈቻ ተመለሰ። በሰኔ 2016 ዋንጫውን ከጓደኞቹ ጋር አነሳ።

ሦስተኛው ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጁሊየስ ራንድል ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2024 ለኒውዮርክ ኒክስ ሲጫወት ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ያለ ቀዶ ሕክምና ለመመለስ ከሁለት ወር በላይ ልምምድ ሠራ። ደጋፊው በየቀኑ «መቼ ነው የሚመለሰው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ክለቡ ቀዶ ሕክምና እንደሚያደርግና ወቅቱ እንዳበቃለት አስታወቀ። እሱም ቢሆን በዚያው ዓመት ጥቅምት በአዲሱ ክለቡ በሚኒሶታ የመክፈቻ ጨዋታ ላይ ነበር።

ልጄ ከሦስቱ የሚያየው ሁሉም መመለሳቸውን ነው። እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። አንዱ ቀዶ ሕክምናውን ቀደም ብሎ፣ ሁለቱ ዘግይተው አደረጉ እንጂ ሦስቱም ከቀዶ ሕክምና አልቀሩም። በዓለም ምርጥ ሐኪም፣ ምርጥ ፊዚዮቴራፒስትና የማያልቅ ገንዘብ እያላቸው እንኳ ትከሻው ካልፈቀደ አልፈቀደም። ራንድልን ሁለት ወር ሙሉ የያዘው የፍላጎት ማጣት አልነበረም።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት አዳመጠችና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች፤ ከዚያ ዞር ብላ «አብሽር የኔ ጌታ» አለችው ልጁን። በሷ ቤት ሁለቱም ምክር ነው።

የኛ ልጅና የነሱ ልጅ

በነዚያ ተጫዋቾችና በልጄ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ለነሱ ኳስ እንጀራቸው ነው። ልጄን ኳስ አያበላውም። የሚያበላው ቀኝ እጁ ነው፤ በዚያ እጁ ይጽፋል፣ ነድፎ ያወጣል፣ ነገ የግንባታ ቦታ ላይ መሰላል ይዞ ይወጣል። መሰላል ላይ ሆኖ ትከሻው ቢወልቅስ? ይህን ጥያቄ አጎቱ አንድ ማታ በግልጽ ጠየቀው። «ዲግሪህን ያዝ፤ ኳሱን ተወው» አለው።

ልጄ ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጓደኛ ያገኘሁት በኳስ ነው» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። አንደኛ ዓመት ሲገባ ብቸኝነት ይዞት ወደኔ እየደወለ ያለቅስ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከዚያ ያወጣው የቅርጫት ኳሱ ቡድን ነው። ስለዚህ «ተወው» ማለት ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ የልጁን ጨዋታ ሲያስቆም አንድ ነገር ብቻ የወሰደበት ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ጓደኞቹን፣ የቀኑን ሥርዓት፣ አንዳንዴም የእንቅልፉን ሰላም አብሮ ያጣል።

ስለዚህ በቤታችን የተስማማነው «ይጫወት» ወይም «ይተው» በሚለው ላይ አይደለም። ትከሻው ይመስክር ነው ያልነው።

ትከሻው የሚመሰክረው እንዴት ነው?

ፊዚዮቴራፒስቷ አራት ነገር ነግራናለች። ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ እጁ እንደ ግራው በሁሉም አቅጣጫ ያለ ሕመም መዞር አለበት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ከጀርባ በኩልም።

ሁለተኛ፣ ጉልበቱ ከግራ እጁ ጋር መስተካከል አለበት። ይህ በዓይን የሚገመት አይደለም፤ ይለካል።

ሦስተኛ፣ ፍርሃቱ መጥፋት አለበት። ሐኪሙ ልጁን አስተኝቶ እጁን ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ያደርገዋል። ልጁ ፊቱን አጨፍግጎ «ሊወጣ ነው» ካለ ትከሻው ገና ነው። ይህ ፍርሃት የወኔ ጉድለት አይደለም። አካል አደጋውን ቀድሞ ሲያውቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው።

አራተኛ፣ ደረጃ በደረጃ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ብቻውን ያለ ኳስ፣ ቀጥሎ ከኳስ ጋር፣ ቀጥሎ ከአንድ ጓደኛው ጋር ያለ ግጭት፣ ከዚያ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። አንዱ ደረጃ ላይ ካመመው ወይም ትከሻው ከተንሸራተተ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የልምምዱ መሣሪያ ውድ አይደለም። ከጎሚስታ ቤት አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ አመጣን። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ አሰርነው። ልጁ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ በክርኑና በጎኑ መካከል የታጠፈ ፎጣ ይዞ፣ ካላማዳሪውን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዞሮ ደግሞ ወደ ውጭ ይስባል። ሰፌድ አጥንቶቹን ወደ ኋላ ያቀራርባል፣ ግድግዳ ይገፋል። አሰልቺ ነው። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትቆጥርለታለች፤ አንዳንዴም ቁጥሩን ትዘልለታለች፤ እሱም «አያ፣ ስምንትን ዘለልሽ» ብሎ ይመለሳል።

ቀዶ ሕክምናው

ሐኪሙ ነገሩን አልደበቀንም። ወጣት ነው፣ ሦስት ጊዜ ወልቋል፣ የሚጫወተውም ግጭት ያለበት ስፖርት ነው፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ቀዶ ሕክምና በቁም ነገር መታሰብ አለበት አለን። ከዚያ በፊት ቀለበቱ ምን ያህል እንደተላቀቀ በኤም አር አይ፣ አጥንቱ ምን ያህል እንደተሸራረፈ በሲቲ ስካን ማየት ያስፈልጋል። አጥንቱ ደህና ከሆነ የተላቀቀው ቀለበት ወደ ቦታው ተመልሶ ይሰፋል። የማስቀመጫው ጠርዝ ብዙ ከተበላ ግን ስፌት ብቻ አይበቃም። ከዚያው ከትከሻ አካባቢ ትንሽ አጥንት ተወስዶ ጠርዙ ላይ ይታሰራል። ይህንን ዘዴ ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 ካስተዋወቀው ጀምሮ ይሠራበታል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ እጅ ለሳምንታት ታስሮ ይቆያል፤ ከዚያ ወራት የሚፈጅ ልምምድ አለ። ግጭት ወዳለበት ጨዋታ ለመመለስ ስድስት ወር አካባቢ የተለመደ ነው። እንደኛ ላለ ቤተሰብ ደግሞ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ከትምህርት የሚቀርበት ጊዜ ሁሉ ይታሰባል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ባለሙያ ማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚከታተለው ፊዚዮቴራፒስት ቅርብ መኖሩንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስፌቱ ቢያምርም ልምምዱ ከተቋረጠ ድካሙ ግማሽ ይሆናል።

ሁሉም ወጣት መሠፋት አለበት ማለት ግን አይደለም። በስዊድን ሌናርት ሆቬሊየስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ትከሻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀባቸውን ከ12 እስከ 40 ዓመት የነበሩ ሰዎች ለ25 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን አሳትመዋል። በወጣትነታቸው ከወለቀባቸውና ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት መካከል ግማሽ ያህሉ ወይ እንደገና አልወለቀባቸውም፣ ወይ ደግሞ በጊዜ ብዛት ትከሻቸው ረግቷል። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወለቀበት ልጅ ቤተሰብ ተስፋ ነው። ሦስት ጊዜ ወልቆበት አሁንም እየሸረተተ ላስቸገረው ልጅ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል።

ለወላጆች

ልጃችሁ ወድቆ ትከሻው ከወለቀ እጁን ባለበት ሁኔታ ደግፉት። ነጠላ ወይም ሻሽ አጥፋችሁ ከአንገቱ አንጠልጥሉለት። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት። እናንተም ሆነ ጓደኞቹ እጁን አትሳቡት፤ አጥንቱ ተሰብሮም ሊሆን ይችላል፣ ይህን የሚለየው ራጅ ነው። ለመመለስ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል እስኪታይ ምግብ አትስጡት። ደግሞም አትዘግዩ፤ የወለቀ ትከሻ በቆየ ቁጥር ጡንቻው ይኮማተራል፣ መመለሱም ይከብዳል።

እጁ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ጣቶቹ ወይም የክንዱ የላይኛው ውጫዊ ክፍል ከደነዘዘ፣ አጥንቱ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ነርቭና የደም ሥር ጉዳት ቀን አይሰጥም።

ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ ተመልሶለት ከሆነም ነገሩ አበቃ ብላችሁ አትቀመጡ። በሚቀጥለው ቀን ራጅ አስነሱት። በጣም የተጠበቀ እስር ካለና እጁ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ፍቱለት፤ በአገራችን ከመጠን በላይ በጠበቀ እስር ምክንያት እጅና እግር የታጣበት ጊዜ አለ። ማሸት ደግሞ የተላቀቀ ቀለበት አይሰፋም። ልጄ በሦስተኛው ጊዜ ወደ ቤት ሲመጣ ጎረቤት «ወጌሻው ይጠሩ» ሲል እናቴ ራሷ ነች «እሳቸው እጃቸው ብሩክ ነው፤ ግን ውስጡን አያዩትም» ያለችው።

ለአያቶች

ይህ የወጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናንተም ደረጃ ላይ ወይም ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን ላይ አዳልጧችሁ በተዘረጋ እጅ ብትወድቁ ትከሻ ሊወልቅ ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ዋናው ስጋት እንደ ልጆቹ ደጋግሞ መውለቁ አይደለም። እጅን ወደ ላይ የሚያነሱት ጅማቶች መበጠሳቸው ነው። ስለዚህ አጥንቱ ከተመለሰ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ እጃችሁን ማንሳት ካቃታችሁ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪም አሳዩ። ደግሞም ለረጅም ጊዜ አስራችሁ አትቀመጡ፤ የአዋቂ ትከሻ ቶሎ ይደርቃል። መቼ ማንቀሳቀስ እንደምትጀምሩ ጠይቁና በተባላችሁበት ቀን ጀምሩ።

አሁን ያለንበት

ሦስት ወር አልፏል። እጁ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ጉልበቱ ወደ ግራው ተጠግቷል፤ ገና አልደረሰም። ሦስተኛው ፈተና ላይ፣ እጁን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሲያደርጉበት፣ ባለፈው ወር ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። በመስከረም አጋማሽ እንደገና ይታያል። ካለፈ ደረጃ በደረጃ ልምምድ ይጀምራል፤ ካላለፈ የኤም አር አዩ ቀጠሮ ይቆረጣል፣ የዘንድሮው ውድድርም ያለ እሱ ይካሄዳል። አሰልጣኙን ደውሎ ይህንኑ የነገረው ራሱ ነው። «ካላለፍኩ ስም ዝርዝር ውስጥ አታስገቡኝ» አላቸው። እሳቸውም ተስማሙ።

እስከዚያው ሰፈራችን ውስጥ ግድግዳ ላይ የበርሜል ቀለበት ሰቅሎ ለትንንሾቹ ልጆች ኳስ ማንጠር ያስተምራል። በግራ እጁ ነው የሚያስተምራቸው። ከልጆቹ ውስጥ ሁለቱ ግራኝ ሳይሆኑ በግራ ማንጠር ለምደው እናቶቻቸው መጥተው ጠይቀውኛል።